ጠያቂና ተጠያቂ፤ ስለ ማኅበራዊ ሥነ ልቡና የምርመራ ዘዴ ታሪካዊ አስተያየት

፩. መግቢያ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ የእንጦጦ ጋራ ወደ ኮተቤ በሚዘልቅበት ወገን፣ የየካ ሚካኤል ደብር ይገኛል። ከደብሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ደግሞ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ሕዝቡ ዋሻ ሚካኤል እያለ የሚጠራው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አለ። የዚህን ሕንፃ ዘመን የአካባቢውን ሽማግሌ የጠየቀ ሰው አብርሃና አጽብሃ አሠሩት የሚል መልስ ያገኛል፤ የሕንፃ ታሪክ ዐዋቂዎችን የጠየቀ እንደ ሆነ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት የሚያንስ ዕድሜ ይነግሩታል። ድንጋዩ አንድ ሲሆን ታሪኩ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። ስለ ድንጋይ እንዲህ ከሆነ፣ ስለ ሰው ልብ የሚቀርብ ጥያቄማ ምን ያህል ጥንቃቄ ያሻው ይሆን?

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በዚሁ ሰፈር የገጠመኝ ነገር ነው። ለትምህርቴ የሚሆን ጥናት ለማድረግ አሥር ጥያቄዎች የተጻፉበትን ወረቀት ይዤ ወደ አንድ ዕድር ሽማግሌዎች ሄድሁ። ጥያቄዎቹ ሰው በጎረቤቱ ላይ ያለውን እምነትና ለመተባበር ያለውን ፈቃድ ለመለካት የታሰቡ ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ መካከል የዕድሩን ዕቃ የሚጠብቁትን፣ «አባቴ፣ በጠቅላላው ሲታይ ሰው የሚታመን ነው ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም እኔንም ወረቀቴንም አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰው ማመን ቀብሮ ነው» አሉኝ። እኔም «አይታመንም» በሚለው መሥመር ላይ ምልክት አደረግሁ።

ገና ከዚያው ሳልነሣ አንድ ጎልማሳ እናቱ ማረፋቸውን ሊነግር መጣ። ሽማግሌው ወዲያው ተነሥተው የዕቃውን ቤት ከፈቱና ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ብርጭቆውን አስረከቡት። መያዣ አልጠየቁም፤ አስፈርመውም አላስቀሩም። ከጎረቤት የተጠሩ ሰዎችም የያዙትን ሥራ ጥለው የድንኳኑን እንጨት ይሸከሙ ጀመር። በወረቀቴ መሠረት እኒህ ሽማግሌ ሰው አያምኑም፤ በዐይኔ እንዳየሁት ግን የማኅበሩን ንብረት በሙሉ በቃል ብቻ አስረክበዋል። ታዲያ ማስረጃው የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይደለም። በሀገራችን ስለ ሰው ጠባይና ስለ ኅብረተ ሰቡ አስተሳሰብ ምርመራ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ለተመራማሪ የሚሰጥ መልስ ከማስረጃነቱ በፊት በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈጸም ማኅበራዊ ተግባር መሆኑን፣ ይህንንም የዘነጋ ምርመራ በአንድ ሕዝብ ላይ የማይገባ ፍርድ እስከ መስጠት ሊደርስ እንደሚችል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

፪. የኮሌጁ ተማሪዎች አጀማመር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ በተማሪዎቹና በመምህራኑ መካከል አንድ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ከ1953 ጀምሮ የራሱን መጽሔት ያሳትም ነበር። ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ተወለዱበት ሀገር ሲመለሱ ያዩትንና የሰሙትን ልማድ እየጻፉ ያቀርቡ ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በኋላ በደራሲነትና በሥነ ጽሑፍ ሐያሲነት የታወቁት አስፋው ዳምጤ በ1958 በዚሁ መጽሔት ላይ ስለ ዕቁብ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው ስለሚረዳዱባቸው ማኅበሮች አንድ ጥናት አወጡ። ዕቁብና ዕድር ለከተማው ሰው የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆኑ ማንም ልብ ብሎ አይመለከታቸውም ነበር፤ እነዚህ ጽሑፎች ግን ለምርመራ የሚበቁ ነገሮች መሆናቸውን አሳዩ።

የእነዚህ ተማሪዎች ጥቅም ከውስጥ ማየታቸው ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ስለ ዕቁብ ሲጽፍ ዕጣ የወጣለት ሰው ፊት እንዴት እንደሚበራ ማንንም መጠየቅ አያሻውም። ነገር ግን ከውስጥ የሚያይ ሰው የሚገጥመው ድካምም አለ። የገዛ መንደሩን ልማድ የሀገሩ ሁሉ ልማድ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል፤ ስንት ሰው እንዳነጋገረ፣ ማን እንደ ነገረው፣ ማን ሊነግረው እንዳልፈለገ ሳይጽፍ ሊያልፍም ይችላል። በተለይ ወንድ ተማሪ ስለ ሴቶች ጕዳይ ሲጽፍ፣ የባለርስት ልጅ ስለ ጭሰኛ ሲጽፍ፣ ይህ ድካም ይበረታል። ስለዚህ የቤት ልጅ መሆን ብቻውን ዘዴ ሊባል አይችልም።

ኮሌጁ በ1961 ከተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠቃለለ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ዩኒቨርሲቲውም ከ1975 ወዲህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የቤቱ ስም ቢለዋወጥም «ሰውን እንዴት እንጠይቀው?» የሚለው ጥያቄ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቈይቷል።

፫. አንድ ዛር፣ ሁለት ተመልካች

ከውጭ የመጡት ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሌላ ችግር ነበረባቸው። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከ1931 እስከ 1933 ሲጓዝ፣ በ1932 ጎንደር ላይ ለብዙ ወራት ተቀምጦ ነበር። ከቡድኑ አባሎች አንዱ ሚሼል ሌሪስ በከተማው የሚገኙትን የዛር ባለቤቶች ዘወትር እየሄደ ይመለከት ነበር። የጕዞውን ማስታወሻ በ1934 አሳተመ፤ በ1958 ደግሞ በጎንደር ስላለው የዛር ልማድና በውስጡ ስለሚታየው የቴያትር ጠባይ አንድ መጽሐፍ አወጣ።

ሌሪስን በዘመኑ ከነበሩት ብዙዎች የሚለየው የራሱን ሁኔታ አለመደበቁ ነው። ሥርዐቱን ለማየት ሲባል የሚታረደውን ከብት ቡድኑ ይገዛ እንደ ነበረ ይታወቃል። እንግዲህ ያየው ሥርዐት እርሱ ባይኖር በዚያ ቀን የማይደረግ ሥርዐት ነበር ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ቡድኑ ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አድርጎ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወስዷል። ይህን የማነሣው ለወቀሳ ብቻ አይደለም፤ የጠያቂው ገንዘብና ኀይል ከጥያቄው ጋር አብሮ እንደሚገባ ስለሚያስረዳ ነው።

በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ በጎንደር አካባቢ ጥናት አድርጎ በ1958 ስለ ዛር ጻፈ። እርሱ ያየው እንደ ሕክምና የሚያገለግል ማኅበር ነው፤ በኑሮ ዝቅ ያሉ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በዛሩ ማኅበር ውስጥ ሌላ ቦታ የማያገኙትን ክብርና አጽናኝ ወዳጅ እንደሚያገኙ ገለጸ። ሌሪስ ቴያትርን፣ ሜሲንግ ሕክምናን አየ። ሁለቱም አልዋሹም፤ እያንዳንዱ ይዞት የመጣው ጥያቄ የሚያበራውን ክፍል አየ። አንደኛው ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች መካከል የመጣ ነበር፤ ሁለተኛው ከማኅበራዊ ሳይንስ። የዛሩ ባለቤቶች ራሳቸው ጥያቄ አውጪዎች ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ሦስተኛ መጽሐፍ በተጻፈ ነበር።

፬. የሰምና ወርቅ ክርክር

በዚህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ዶናልድ ሌቪን በ1965 በቺካጎ ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አማርኛ ተማረ፤ መንዝ ውስጥ ከገበሬው ጋር ተቀመጠ፤ ለተማሪዎችም የጥያቄ ወረቀት አድሎ መልሳቸውን ሰበሰበ። በቅኔ ቤት ያለውን የሰምና ወርቅ ዘዴ ለአማራው ኅብረተ ሰብ አኗኗር መፍቻ ቍልፍ አደረገው። ሰው ከላይ የሚናገረው ሰም፣ ከውስጥ የሚያስበው ወርቅ ነው፤ ይህም ከበላይ ጋር ለመኖርና ራስን ለመጠበቅ ያገለግላል አለ። ለባህሉ ያለው ፍቅርና አክብሮት ከመጽሐፉ በብዙ ቦታ ይታያል።

ነገር ግን በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ከባድ ፍርዶች አሉ። አንደኛው ከፍሮይድ ትምህርት የተወሰደ ነው፤ ከአፍ ጋር የተያያዙ ነገሮች፣ መብል፣ መጠጥና ንግግር፣ በአማራው ጠባይ ውስጥ ትልቅ ስፍራ እንዳላቸው ይናገራል፤ ይህንንም ከሹመትና ከመሪነት ጕዳይ ጋር ያገናኘዋል። ሁለተኛው የአማራው ገበሬ በግሉ የሚያስብ፣ በሰው ላይ ጥርጣሬ የሚያበዛ፣ ከእኩዮቹ ጋር ለጋራ ጥቅም መተባበር የሚያስቸግረው ነው የሚል ነው። ሌቪን ደቦንና ማኅበርን አልካደም፤ ነገር ግን የትብብራቸው ወሰን ጠባብ ነው ብሎ አሰበ።

መጽሐፉ አዲስ አበባ እንደ ደረሰ በተማረው ክፍል ዘንድ ብዙ ክርክር አስነሣ። ገዳሙ አብርሃ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ረዥም ትችት ጻፈ። ይህ ነገር በታሪክ ረገድ ሊታሰብ የሚገባው ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ኢትዮጵያውያን ጠባይ የተጻፈውን የሚያነቡት ሌሎች ነበሩ፤ አሁን ግን ተጠያቂው መጽሐፉን አንብቦ መልስ ሰጠ። የጥያቄ ወረቀቱን ከሞሉት ተማሪዎች መካከል መጽሐፉን ያነበበ ቢኖር ራሱን በሠንጠረዥ ውስጥ አግኝቶ፣ «እውነት ይህን ማለቴ ነበርን?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚያልፍ አይመስለኝም።

በእኔ አስተያየት የክርክሩ ዋና ነጥብ የዘዴ ነጥብ ነው። መጽሐፉ ኢትዮጵያዊው በሁለት ትርጕም ይናገራል ካለ፣ ያው ኢትዮጵያዊ በጥያቄ ወረቀት ላይ የሰጠው መልስ እንዴት አንድ ትርጕም ብቻ ያለው ሆኖ ሊቈጠር ይችላል? ተማሪው የሞላው ወረቀት ለባዕድ መምህር የቀረበ ነው፤ ያውም የከፍተኛ ትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ በሆነበት ሀገር፣ በቃልና በጽሑፍ ጥንቃቄ ይደረግ በነበረበት ዘመን። የመጽሐፉ ትልቁ ግኝት የመጽሐፉን አንዱን ማስረጃ የሚጠይቅ ሆነ ማለት ነው።

ለሌቪን ፍትሕ ለመስጠት ያህል ኋላ የጻፈውን መጥቀስ ይገባል። በ1985 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ወደዚሁ ነገር ተመልሶ፣ የዘመናዊው ማኅበራዊ ሳይንስ አንድ ቃል አንድ ትርጕም ብቻ እንዲኖረው መፈለጉ ራሱ የአንድ ባህል ልማድ መሆኑን፣ ከሁለት ትርጕም ቃል መሸሹም ብዙ ነገር እንዳሳጣው ተከራከረ፤ ለዚህም ከአማርኛ ያገኘውን ትምህርት ምስክር አድርጎ አቀረበ። በ2015 እስካረፈ ድረስም ስለ ኢትዮጵያ መጻፉን አላቋረጠም። የሚመረምረው ሕዝብ መርማሪውን ሲያስተምረው ማየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደስቱት ነገሮች አንዱ ነው።

፭. ከልብ ወደ መሬት

ጥርጣሬና ፉክክር በገጠሩ ኑሮ ውስጥ የሉም ለማለት ማንም አይደፍርም። የፍርድ ቤት ደጃፍ ይመሰክራል። ጥያቄው ምክንያታቸው ከወዴት ነው የሚል ነው። አለን ሆበን በ1960ዎቹ በጎጃም ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ያደረገውን ጥናት በ1973 አሳተመ። እርሱ የሕፃንነትን አስተዳደግ ትቶ ርስትን መረመረ። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚቈጠር አንድ ሰው በብዙ አባቶች ስም ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዘመዱም እንደዚሁ። ስለዚህ በሰርግና በለቅሶ የሚገናኙት ዘመዳሞች በመሬት ጕዳይ እርስ በርሳቸው ባላጋራ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ዐይን ሲታይ ጥንቃቄና ጥርጣሬ የጠባይ ጕድለት መሆናቸው ይቀርና አስተዋይ ሰው በዚያ የመሬት ሥርዐት ውስጥ የሚመርጠው መንገድ ይሆናሉ። ሥርዐቱ ቢለወጥ ጠባይ የተባለውም ሊለወጥ ይችላል።

በዚያው ዘመን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ኮርተን ሌላ ዘዴ ሞከረ። በ1971 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስቦ፣ በውስጣቸው ሰው ኑሮን የሚያሸንፍባቸውን ብልሃቶች መረመረ። በ1972 ደግሞ ከፍራንሲስ ኮርተን ጋር ስለ ለውጥና ስለ ሥነ ልቡና ችግሮቹ መጽሐፍ አሳተሙ። ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የተደረገበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለእንዲህ ያለ ጥናት ምቹ መስክ ሆኖ ነበር።

ተረት ከጥያቄ ወረቀት የሚሻልበት ነገር አለ፤ ተረቱን ተራኪው የፈጠረው ለመርማሪው ሲል አይደለም። ግን እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀበሮ ጅብን ስታታልል የሚተርክ አባት ልጁን አታላይ ሁን ማለቱ ነው ወይስ ከአታላይ ተጠበቅ ማለቱ? ይህን ለማወቅ ተረቱን ከወረቀት ማንበብ አይበቃም፤ ማታ ከእሳቱ ዳር ማን ለማን፣ በምን ምክንያት እንደ ተረተው ማየት ያሻል።

፮. በሌላው ዓለም የተነሣው ትችት

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ መስሎ እንዳይታይ ከሌላው ዓለም ጥቂት ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካዊው ሪቻርድ ላፒየር ከሁለት ቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር በሀገሩ ዞሮ፣ 251 ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የመሳሰሉት ቤቶች ውስጥ ሲገባ የከለከላቸው አንድ ቤት ብቻ ነበር። በኋላ ግን ለእነዚያው ቤቶች፣ «ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁን?» ብሎ ደብዳቤ ሲጽፍላቸው መልስ ከሰጡት 128 ቤቶች ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ጥናቱ የወጣው በ1934 ነው። በዚያ ሀገር ቃል ከሥራ ከፍቶ ተገኘ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ቃል ከሥራ ሊያምር ይችላል። በየካ ያየኋቸውን ሽማግሌ ባሰብሁ ቍጥር ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ማርቲን ኦርን በ1962 በጻፈው ጥናት ደግሞ፣ ለምርመራ የቀረበ ሰው መርማሪው የሚፈልገውን ለመገመትና ለማስደሰት እንደሚጥር አሳየ። ምንም ጥቅም የሌለው የመደመር ሂሳብ ለሰዎች ሰጥቶ፣ የሠሩትን ወረቀት ራሳቸው ቀድደው እንዲጥሉ ቢያዛቸውም፣ ለሳይንስ ይሆናል ብለው ሳይሰለቹ ለሰዓቶች ቀጠሉ። በ1973 ኬኔት ገርገን ማኅበራዊ ሥነ ልቡና እንደ ፊዚክስ ለሁሉም ዘመን የሚሆን ሕግ የሚያወጣ መስሎ ቢታይም፣ በእውነቱ የአንድን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ትምህርት ነው ሲል ጻፈ። በ2008 ጄፍሪ አርኔት የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የሚያሳትማቸውን ስድስት መጽሔቶች መርምሮ፣ ከተጠያቂዎቹ 96 በመቶ የሚሆኑት ከምዕራባውያንና በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ ሀገሮች የመጡ መሆናቸውን፣ እነዚህ ሀገሮች ግን ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አመለከተ። የቀረው 88 በመቶ፣ የየካ ሽማግሌም የጎጃም ገበሬም ያለበት፣ «ሰው» በሚለው ቃል ውስጥ ሳይጠየቅ ተጠቃልሎ ነበር።

፯. እንደገና ወደ የካ ሚካኤል

ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቴን ለጊዜው ትቼ ወደ ሰፈሩ መመላለስ ጀመርሁ። ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ ደብሩ ሲመለስ ከሕዝቡ ጋር ተከተልሁ፤ ወር በገባ በ12 በሚደረገው የሚካኤል ዝክር ተጠርቼ ጠበል ጠዲቅ ቀመስሁ፤ በለቅሶም ድንኳን ተከልሁ። ይህ የአንድ ዕድር ነገር ስለሆነ ስለ ከተማው ሁሉ እንዲመሰክር አላደርገውም። ስለ ዘዴ ግን ሦስት ነገር አስተማረኝ።

አንደኛው ጠያቂው አስቀድሞ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ማንም ሰው ጥያቄዬን ከመመለሱ በፊት፣ «የማን ልጅ ነህ? ከየት ነው የመጣኸው? ለማን ነው የምትጽፈው?» ይለኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይህን እንደ መዘግየት ቈጥሬው ነበር። በእውነቱ ግን ተጠያቂው የእኔን ናሙና መውሰዱ ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለርዳታ ሰጪና ለጎረቤት ልጅ የሚሰጠው መልስ አንድ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ይሁን ማለትም ሞኝነት ነው።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» አንድ ቃል ናቸው። በአማርኛ ግን ክብርና ዕድሜ ሳይለይ ጥያቄ ማቅረብ አይቻልም፤ ወረቀቱ «ያምናሉ?» ሲል ተጠያቂውን ከፍ አድርጎታል፣ «ታምናለህ?» ሲል ዝቅ አድርጎታል። «እምነት» የሚለው ቃል ራሱ የሃይማኖትንም የመተማመንንም ትርጕም ይይዛል። ከእኔ ተጠያቂዎች አንዷ እናት፣ «በጎረቤትዎ ላይ እምነት አለዎት?» ስላቸው፣ «እምነቴስ በአምላኬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ይህ መልስ ስለ ጎረቤታቸው ምንም አይናገርም፤ ስለ እኔ ትርጕም ጕድለት ግን ብዙ ይናገራል።

ሦስተኛው ሥራን ከቃል ጋር አብሮ የመመዝገብ አስፈላጊነት ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ብንወስድ፣ ባሕር ዛፉ በ1890ዎቹ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማውን ከማገዶ ችግር ካዳነ ወዲህ ይህ ሸክም በሴቶች ጀርባ ላይ ሆኗል። ወረቀት የያዘ ወንድ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ምን ያህል ትሸከሚያለሽ? ከየት አመጣሽው?» ቢላት፣ የደን ጠባቂ የምትፈራ ሴት አሳንሳ ብትመልስ ምን ይፈረድባታል? ሸክሙን በሚዛን መመዘን፣ መንገዱን አብሮ መሄድ ይቻላል። ይህም ቢሆን ፈቃዷን ጠይቆ፣ ሸክሟን ካወረደች በኋላ መሆን አለበት፤ ጀርባዋ ጐብጦ ቆማ መልስ እንድትሰጥ ማድረግ ከዘዴ ስሕተትነቱ በፊት ነውር ነው።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪ አንባቢ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ሽማግሌው ዕቃውን በቃል ያስረከቡት ሰውየውን አምነው ነው ወይስ ዕድሩ መዝገብና መቀጫ ስላለው? እውነት ነው፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ የዕድሩን ዕቃ ያጠፋም ይከፍላል። ስለዚህ ድርጊቱን ብቻ አይቼ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተማመናል ብል እኔም ያንኑ ስሕተት በተቃራኒው መድገሜ ነው። ልል የምችለው ይህን ነው፤ በጠቅላላው ሰው የማይታመን ነው የሚል ቃልና በታወቀ ሕግ በታሰረ ማኅበር ውስጥ ያለ ጽኑ መተማመን በአንድ ሰው ዘንድ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሆበን ስለ ርስት እንዳሳየው ሁሉ፣ እዚህም ጠባይን ከደንቡና ከማኅበሩ ነጥሎ መመዘን አይቻልም። «ይህ ሕዝብ ተጠራጣሪ ነው» ወይም «ይህ ሕዝብ ተባባሪ ነው» የሚለው ፍርድ ለሁለቱም ወገን ሻካራ ሚዛን ነው።

፰. መደምደሚያ

ካለፈው ታሪክ የምንማረው የጥያቄ ወረቀትን መጣል አይደለም። ብዙ ሰው ባለበት ከተማ ጥቂት ሽማግሌዎችን ብቻ አነጋግሮ መጻፍም አደጋ ነው፤ ቍጥርም ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ግን መርማሪው ከመልሱ ጋር ሦስት ነገሮችን አብሮ እንዲጽፍ ነው፤ ማን እንደ ጠየቀ፣ በምን ቋንቋና በምን የክብር አጠራር እንደ ጠየቀ፣ ተጠያቂውም በዚያው ጕዳይ ምን ሲያደርግ እንደ ታየ። በአራተኛ ደረጃ የምጨምረው የጻፈውን ለተጠያቂዎቹ መልሶ እንዲያነብላቸው ነው። ሌቪንን የተቹት አንባቢዎች ይህን መብት በራሳቸው ጥረት አገኙት፤ ማንበብ ላልቻለው ሰው ግን መርማሪው ራሱ ሊሰጠው ይገባል።

እኔም ይህን ምክር በራሴ ላይ ሞከርሁ። የጻፍሁትን ይዤ ወደ ዕድሩ ሽማግሌ ሄጄ፣ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ያሉኝን አንብቤ፣ «አይታመንም» ብዬ መመዝገቤን ነገርኋቸው። ሽማግሌው ሣቅ አሉና፣ «ልጄ፣ አብሮህ የቀበረውን እመን ማለቴ ነበርኮ» አሉኝ። ምሳሌው በተለመደው አነጋገር ሰው የሚታመነው ከተቀበረ በኋላ ነው የሚል ነው፤ እርሳቸው ግን ያንኑ ቃል ይዘው፣ ሰው የሚታወቀው በለቅሶ ቀን ነው የሚል ሌላ ትርጕም አወጡለት። ይህን በመጀመሪያው ቀን አስበውት ነበር ወይስ ጽሑፌን ሲሰሙ ነው ያገኙት? ልወስን አልቻልሁም፤ ሁለቱንም በማስታወሻዬ ላይ ጽፌአለሁ። ምልክት ያደረግሁበት መሥመር ግን አንዱን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ይህ ጽሑፍ የጀማሪ ተማሪ ሥራ እንደ መሆኑ ጕድለት አይታጣበትም። መምህራንና ጓደኞቼ ስሕተቱን እንዲያርሙልኝ፣ በተለይም በየሰፈራቸው ዕድር ተመሳሳይ ወይም ተቃራኒ ነገር ያዩ እንደ ሆነ በዚሁ መጽሔት ላይ እንዲጽፉ በትሕትና እለምናለሁ።